ባለ ሁለት በሯ ቤተ ክርስቲያን

ፍቅር ሲመጣ በር አያንኳኳም የሚሉ ሰዎች አሉ። የእድላዊት ፍቅር ግን አንኳኩቶ ነው የገባው፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ። “ፎቶዎቹን ልወስድ ነው የመጣሁት” ብሎ በእንግሊዝኛ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ወደ አማርኛ ዞረ። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። ዛሬ፣ ቅዳሜ፣ የመጨረሻውን ካርቶን ይዞ ይመጣል፤ ከዛሬ በኋላ ወደዚህ ቤት የሚያመጣው ምክንያት የለውም።

ቤቱ ፓርክ ሂል ሰፈር ውስጥ ያለው የሚስ ኦዴሳ ቤት ነው። ሚስ ኦዴሳ የዘጠና አንድ ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ናቸው። ከጆርጂያ ገጠር በሙሽርነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን እዚሁ ዴንቨር ፈጁት። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላን እንጂ ሌላ አይለይም። እድላዊት ሁለት ዓመት ሙሉ ተንከባክባቸዋለች፤ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ገላቸውን ታጥባለች፣ ሲጨቀጭቋት እሷም መልሳ ትጨቀጭቃቸዋለች። ተዋደዋል።

ባላቸው ሚስተር ሉተር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር። በዓመት አንዴ እረፍት ሲወጡ ሚስታቸውን አሳፍረው ወደ ደቡብ ይወርዱና፣ ሌላው ሰው ዓሣ ሲያጠምድ እሳቸው በየገጠሩ ያረጁ አብያተ ክርስቲያናትን ፎቶ ሲያነሱ ይሰነብታሉ። ሰው አያነሱም፤ ሕንፃ ብቻ። በድንጋይ ካብ ላይ የተቀመጡ፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ቤቶች፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ መስኮታቸው ረጅም። አንዷ የደወል ማማ የሚሠራላት አጥታ ደወሏን ግቢዋ ውስጥ ካለ ዛፍ ላይ ሰቅላለች። አንዷ ከኋላዋ ያሉት መቃብሮች ሁሉ ዛጎል ተደርድሮባቸዋል። አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ የተቃጠለው ተቃጥሎ፣ የፈረሰው ፈርሶ፣ ቀሪው የፊልሙ ኔጋቲቭ ብቻ ነው። ሚስ ኦዴሳ ከመሞታቸው በፊት ይህን ሁሉ ለቤተ መጻሕፍት ሊያወርሱ ስለፈለጉ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ላለው ለአቶ ዘውዱ ፎቶ ቤት አሥራ አንድ ካርቶን ተሰጠ። ካርቶኖቹን እያመላለሰ የሚያጥብና የሚያትም ደግሞ ጠልሀ ሆነ፤ መርካቶ አባቱ ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ጨለማ ክፍል በር ላይ ተቀምጦ ያደገ ልጅ።

ጠልሀ ሙስሊም ነው። እድላዊት የአቶ ተክለሚካኤል ልጅ ናት፤ አቶ ተክለሚካኤል ደግሞ የጎረቤቷ ከተማ የአውሮራ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር። እንግዲህ ጉዱን ከዚህ ጀምሮ መገመት ይቻላል።

ሥራው የተጀመረው ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው በገቡበት ሰሞን ነበር። ሚስ ኦዴሳ እድላዊትን እየመሩ የበቆሎ ዳቦ አስጋገሩና “ብሉ” አሉ። እድላዊት ቅቤ አለበት አለች፤ ጠልሀ ፀሐይ አልጠለቀችም አለ። “ከእናንተ ጋር የተቀመጠ ሰው በረሃብ ይሞታል” ብለው ሳቁባቸው። አንድ ቀን ጠልሀ ተምር ይዞ መጣ። ተምር ለሁለቱም ይሆናል። የእሷ ሰዓት ከእሱ ሰዓት በፊት ቢደርስም ሳትነካው ጠበቀችው፤ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሦስት ሦስት ፍሬ በሉ። ጠልሀ ፍሬዎቹን ያያል እንጂ እሷን አያይም፤ እሷ ደግሞ ጣቶቹን ታያለች። ያን ዕለት እድላዊት አውቶቡሷን አልፋ ሁለት ፌርማታ በእግሯ ሄደች።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ስልክ አለ እኮ! ግን የእድላዊትን ስልክ የይለፍ ቁጥር ታናሽ እህቷ ሊዲ ታውቀዋለች፤ ሊዲ ያወቀችውን ደግሞ ግማሽ አውሮራ ያውቀዋል። ስለዚህ በካርቶኑ ክዳን ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ከፓርክ ሂል ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤት ፓርክ ሂል ተመላለሰ። “ይህችኛዋ ደወሏን ዛፍ ላይ ሰቅላለች። እኔም ልቤን የት እንደሰቀልኩት ታውቂያለሽ” ብሎ ጻፈ። “አውርደው፤ ዝናብ ይመታዋል” ብላ መለሰችለት። አላወረደውም።

ከዘጠኝ ቀን በፊት ግን የጻፈችው ቀልድ አልነበረም። ያን ደብዳቤ ክዳኑ ውስጥ አልተወችውም። ሁለቱም ከሁሉ የሚወዷት ፎቶ አለች፤ ሚስ ኦዴሳ የተዳሩባት፣ ፊት ለፊቷ ላይ ሁለት በር ጎን ለጎን ያላት የገጠር ቤተ ክርስቲያን። ያቺን በራሱ እጅ ይነካታል ብላ በፖስታዋ ውስጥ፣ ከኔጋቲቩ ጀርባ አስገባችው። አንድ ቃል ነው የለመነችው። ቀኑ ሄደ፣ ሳምንቱ ሄደ፤ መልስ የለም። ነገ እሁድ ሽማግሌ አባቷ ቤት ይመጣል። የጻፈች ሴት ጠብቃ ታያለች እንጂ ደውላ “አነበብከው ወይ?” አትልም፤ ኩራቱም አለ፣ ፍራቻውም አለ። ፍራቻው ይበልጣል።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በስተምዕራብ ጠቆረ። ስልኳ ጮኸ።

“እድል፣ መኪናውን የት ፓርክ ላድርግ? በረዶ ይጥላል እያለ ነው” አለ ጠልሀ።

“ከዛፉ ሥር አድርገው” አለች። ዘጠኝ ቀን የጠበቀችው ድምፅ ስለ መኪና መጠየቁ አናደዳት፤ ግን እጇ ፀጉሯን ሊያስተካክል ሄዷል።

ካርቶኑን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሰፊ ፎቶና አንድ ፌስታል ይዞ ገባ። ከስቷል። “ሰላም ነሽ?” ሲላት ዓይኑ ትከሻዋ ላይ ነበር። እሷም “ሰላም” አለች፤ በቃ። በልቧ ግን አንብቦታል፣ አንብቦት ነው ዓይኔን የሚሸሸው አለች።

ሚስ ኦዴሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጠልሀ ፎቶውን ፈታና ጉልበታቸው ላይ አስደግፎ ከፊታቸው ተንበረከከ። ሚስ ኦዴሳ ፊታቸውን እስኪነካ ድረስ አስጠጉት።

“ይኼ ነጩ ምንድን ነው?”

“ግድግዳው ነው፣ ሚስ ኦዴሳ” አለች እድላዊት።

“እነዚህ ሁለት ጥቁሮችስ?”

“በሮቹ።”

 አሮጊቷ ፈገግ ብለው በጣታቸው ፎቶውን መዳበስ ጀመሩ። “ወንዶች በአንዱ፣ ሴቶች በአንዱ ነበር የምንገባው። ሌላው አገር ከተወው ቆይቷል፤ የእኛ ሽማግሌዎች ግን ግትር ነበሩ። የሠርጌም ዕለት አልለቀቁንም።” ጣታቸው ከግራው በር ወደ ቀኙ፣ ከቀኙ ወደ ግራው ሄደ። አንዱ ላይ አልረጋም። “የእኔ የትኛው ነበር? ሰባ ዓመት አውቀው ነበር እኮ። የትኛው ነበር?”

 እድላዊት ትከሻቸውን ያዘች። “በእኛም ቤተ ክርስቲያን የሴቶች በር ለብቻው ነው፣ ሚስ ኦዴሳ” አለች።

“በእኛም መስጊድ” አለ ጠልሀ።

“ሉተር ሁሉንም ነገር ፖስታው ላይ ይጽፍ ነበር። ፖስታዎቹን አትጣሉብኝ ብዬ ነበር፤ ጣላችኋቸው?”

“አልጣልንም፤ ይኸው” ብሎ ጠልሀ ፌስታሉን ሳበ። ከዚያ ለእድላዊት በአማርኛ፣ እንደ ሥራ ወሬ፣ “አሮጌው ወረቀት ፊልሙን ይበላዋል። ስለዚህ ኔጋቲቩን አውጥተን በአዲስ ፖስታ እንቀይረዋለን፤ አሮጌዎቹን ሄራን እዚህ ሰብስባቸዋለች” አላት።

“ሄራን?” አለች እድላዊት።

“አዎ፣ ሱቅ ያለችው ልጅ። የመቀየሩ ሥራ የሷ ነው። ለኔ የሚደርሰኝ ፊልሙ ብቻ ነው።”

 ኔጋቲቩን በጠርዙ ይዞ ያወጣ ሰው ከኋላው ያለውን ወረቀት አያይም። አላነበበውም። ዘጠኝ ቀን ስትረግመው፣ ስታዝንበት፣ ይቅር ስትለው የከረመችው ሰው ደብዳቤዋን በዓይኑ አላየውም። ደብዳቤው እዚያ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ፌስታሉ ደግሞ እጁ ላይ ነው። “ቆይ፣ እኔ ላንብብላቸው” ልትል አፏን ስትከፍት እሱ የመጀመሪያውን አንስቶ ነበር።

ጠልሀ አንድ በአንድ እያነሳ አነበበ። የአላባማዋ፣ የደወሏ፣ የዛጎሏ። አምስተኛው ላይ ቆመ።

“ይቺ ናት” አለ። “እንዲህ ይላል፦ ‘ኦዴሳ በቀኝ ገባች፣ እኔ በግራ። ውስጥ ተገናኘን።’”

“ቀኝ!” አሉ ሚስ ኦዴሳ፤ እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደረሰ። “ቀኙ! በዚያ በኩል ገባሁ፣ እሱ በዚያ፤ ውስጡ ግን አንድ ክፍል ነው። መሀሉ ላይ ወንዱንና ሴቱን የምትለይ አንዲት ጣውላ ነበረች፣ ይህን የምታክል። ተሻገራት።”

ጠልሀ ፖስታውን ሊሰጣቸው ሲገለብጠው ከውስጡ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። አነሳው። በእርሳስ የተጻፈውን አማርኛ አየና የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። እድላዊት እጇን ስትዘረጋ እሱ ገልጦት ነበር። ቆሞ አነበበው።

“ጠልሀ፦ በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ አባቴ ቤት ሽማግሌ ይመጣል። የሚልከው አስቻለው ነው። ደህና ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይህን አልጽፍልህም፣ ራሴ እመልሰው ነበር። አባባ እሺ በዪ አላሉኝም፤ አንቺ እንዳልሽ ነው ያሉኝ። አንድ ቃል ብቻ ስጠኝ። ቆዪ በለኝ። ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ። ምን እንደምንጠብቅ አልጠይቅህም።”

“ምን ተገኘ?” አሉ ሚስ ኦዴሳ፤ ጆሯቸው ንቁ ነው።

“ደብዳቤ” አለ ጠልሀ።

“የሴት?”

“አዎ።”

“ለሉተር?!”

“አይደለም! አይደለም፣ ሚስ ኦዴሳ” አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

አሮጊቷ አንዴ ወደሱ ጥላ፣ አንዴ ወደሷ ጥላ ተመለከቱ። ዓይናቸው ቢጠፋም ዘጠና አንድ ዓመት ኖረዋል። “ምን ትላለች ልጅቷ?” አሉ ቀስ ብለው።

“ጠብቂኝ በለኝ ትላለች።”

“ታዲያ አላት?”

ጠልሀ ወረቀቱን አጠፈው።  ወረቀቱን እንደያዘ ወደ በረንዳው ወጣ፤ እሷም ተከተለችው።

* * *

በረንዳው ላይ እንደወጡ በረዶው ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ቀጥሎ ጣሪያውን ይቀጠቅጠው ገባ። እስኪያቆም ድረስ የትም መሄድ አይቻልም።

“አላየሁትም” አለ ጠልሀ። “ወላሂ አላየሁትም፣ እድል።”

“አሁን አየኸው።”

“አሁን አየሁት።”

“እና?”

መለሰላት፤ ግን የጠበቀችውን አይደለም። “ሽማግሌ እንደሚመጣ ሱቅ ሲወራ ሰምቼ ነበር። ረቡዕ ጋሽ ዘውዱ ዘንድ ገባሁ። እኔ ዘመድ የለኝም፣ እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ብዬ ልለምናቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ። ‘ልጄ፣ ለአስቻለው ቃል ሰጥቻለሁ፤ እሁድ እሄድለታለሁ’ አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‘ቃል ባልሰጥም ኖሮ፣ ላንተ ምን ብዬ እቆማለሁ?’ አሉኝ። አለቀሱ፣ እድል። ሰውየው አለቀሱ።”

እድላዊት የረቡዕን ነገር አላወቀችም ነበር። ረቡዕ ዕለት እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስትሰድበው ነበር የዋለችው። ለካ እሱ ለእሷ ሊንበረከክ ሄዶ ነበር። ደስታና ኀዘን አንድ ላይ መጡባትና የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት።

“ዳውንታውን ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርም” አለች። “ሃያ ደቂቃ ነው። ሰኞ። አገሩ አሜሪካ ነው፣ ማንም አይከለክለንም።”

“ማንም አይከለክለንም። ከዚያስ?”

“ከዚያማ አብረን እንኖራለን።”

“ልጅ ስንወልድ ክርስትና ታስነሺዋለሽ ወይስ እኔ አዛን በጆሮው ልበልለት? አንዳችን ቆመን እናያለን። ስንሞትስ? ሚስ ኦዴሳ ከባላቸው ጎን ቦታ አላቸው። እኔና አንቺን ማን ጎን ለጎን ይቀብረናል?” ወደ አንገቷ አመለከተ። “አንገትሽ ላይ ያለውን ማተብ በጥሺ ልበልሽ? ብትበጥሺውስ? የምወዳት ሴት እኮ ማተቧን የማትበጥሰዋ ናት።”

“እኔም ሶላትህን ተው ልልህ አልችልም” አለች። “ስትሰግድ መስኮት ላይ ቆሜ አይሃለሁ። አታውቅም።”

“አውቃለሁ” አለ።

በረዶው ግቢውን ነጭ አደረገው። ሁለቱም ያያሉ እንጂ አያዩትም።

“አባትሽ ይወዱኛል” አለ ጠልሀ በመጨረሻ። “የእናትሽን ፎቶ አድሼ የወሰድኩ ዕለት በር ላይ እንኳ አላስቆሙኝም። ‘ግባ፣ ተቀመጥ ልጄ፣ ቤትህ ነው’ ነው ያሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ሽማግሌ ልኬ፣ የመስጊድ አባቶች ሳሎናቸው ውስጥ ቢቆሙና ‘ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም’ ቢሏቸው፣ ‘ተቀመጡ’ ይሏቸዋል?”

እድላዊት አባቷን በዓይነ ኅሊናዋ አየቻቸው። ይቀበሏቸዋል፣ እጃቸውን ጨብጠው ያስገቧቸዋል፣ ስለ ጤናቸው ይጠይቃሉ። ያቺን ቃል ግን፣ ጉዳያቸውን ካወቁ በኋላ፣ አይሏቸውም። ሰው ስለሚጠሉ አይደለም። ጠላት ቢሆኑ ኖሮ ትጣላቸው ነበር፤ የሚጣሉት ሰው መኖሩ እንዴት ያለ ዕድል ነው!

“አንድ ቃል ነው የጠየቅኩህ” አለች። እንባዋን አልጠረገችውም። “ቆዪ በለኝ።”

“ልል እችላለሁ። ምላሴ ላይ ነው። እስከ መቼ ስትዪኝስ?”

“አልጠይቅህም ብዬ ጽፌልሃለሁ።”

“አንቺ አትጠይቂኝም። አባትሽ ሲያረጁ አያለሁ፣ አንቺ ስትጠብቂ አይሻለሁ፤ እኔ ራሴን እጠይቀዋለሁ። የሚስ ኦዴሳ ሁለት በር አንድ ክፍል ነው የሚያስገባው። የእኔና ያንቺ ሁለት በር ሁለት ቤት ነው። በየት በኩል ልሻገርልሽ?”

 የከፋው ይህ ነበር። ጥፋቱ የሄራን ቢሆን፣ የፖስታው ቢሆን፣ የእሱ ዝምታ ቢሆን አሁን ሁሉም ነገር በተስተካከለ። ደብዳቤው ተገኘ፣ ተነበበ፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። እጁን ወደ ጉንጯ አነሳና ሳይነካት መለሰው። ያን ጊዜ ቢነካት ኖሮ ምን እንደምትሆን ሁለቱም ያውቁታል።

በረዶው በድንገት አቆመ። ጠልሀ ከኮቱ ኪስ የመዳፍ ያህል ፎቶ አወጣ፤ ያቺው ባለ ሁለት በሯ ናት። “ላንቺ አትሜው ነበር። ከጀርባው ልጽፍበት ሦስት ጊዜ እርሳስ አነሳሁ” አላት። ባዶ ነበር።

“ደብዳቤውን ትመልስልኛለህ?” አለች።

“ልያዘው። የኔ ሆኖ የሚቀር ሌላ ምን አለኝ?”

ወደ መኪናው ሄደ። ዛፉ መኪናውን አላዳነውም፤ ኮፈኑ ሁሉ ተሰርጉዷል። ጠልሀ በመዳፉ አንዴ ዳሰሰውና ገብቶ አስነሳ። እድላዊት የቀዘቀዘውን ደረጃ ሙጥኝ ብላ ቀረች፤ ከውስጥ ሚስ ኦዴሳ “ቀኝ፣ ቀኝ” እያሉ ለራሳቸው ደስ ሲላቸው ይሰማታል።

* * *

ያን ምሽት አቶ ተክለሚካኤል ራት ከበሉ በኋላ ልጃቸውን አስቀመጧት። “ልጄ፣ ሰዎቹን ልመልሳቸው? አሁንም ጊዜ አለ። አንቺ እንዳልሽ።”

ስም ልትጠራ ነበር። ስሙ አፏ ውስጥ ነበር። ጠርታው ግን ምን ልትላቸው? ቆዪ ብሎኛል እንዳትል አላላትም፤ ጠልቶኛል እንዳትል አልጠላትም። “አባባ፣ እርስዎ እንዳሉ” አለች።

“አንቺ እንዳልሽ ነው እንጂ።”

“እርስዎ እንዳሉ።”

አባትና ልጅ ተከባበሩና ውሳኔው ባለቤት አጥቶ መሀል ወደቀ።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አውሮራ ያለው ቤታቸው ተወለወለ። እድላዊት ማእድ ቤት ነበረች። ማእድ ቤቱ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ የራሱ በር አለው፤ በዚያ በኩል ወጥቶ በአጥሩ ጎን ዞሮ ጎዳናው ላይ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶዋ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበረች። አወጣችና ገለበጠቻት። ያው ባዶ ነው። ግን ምናልባት ትናንት በደንብ አላየሁት ይሆናል ብላ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አየችው።

ሊዲ እየሮጠች ገባች። “እድል፣ ዘይ አር ሂር! ሦስት ናቸው። ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሽ ዘውዱ ሱት አድርገዋል!”

የሳሎኑ በር ተከፈተ፤ የሰላምታው ጋጋታ ተሰማ።  ወንበር ቀረበላቸው፣ አልተቀመጡም። ከዚያ የአቶ ዘውዱ ድምፅ መጣ፤ ሁልጊዜ የሚያስቀው ሰው ድምፅ ዛሬ ደክሞታል። “ወንድማችን ተክለሚካኤል፣ ቁመን ነው የምንናገረው። የአስቻለውን ቃል ይዘን መጥተናል፤ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም።”

እድላዊት ጀርባዋን ወደ ሳሎኑ ሰጥታ የጓሮውን በር እጀታ ያዘች። አባቷ ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመ፤ የምትመጣ መስሏቸው እየጠበቋት እንደሆነ አውቃለች። አንዲት ጣውላ፣ ይህን የምታክል፣ ብለው ነበር ሚስ ኦዴሳ። ተሻገራት። እድላዊትም እግሯን ልታነሳ ፈለገች። ከዚያ ማዶ ግን የሚጠብቃት ክፍል የለም፤ ከዚህ ማዶ ደግሞ እርጅና የገባው አባቷና ምንም ያልበደላት አስቻለው አሉ።

“ተቀመጡ” አሉ አቶ ተክለሚካኤል።

ወንበሮቹ አንድ በአንድ ተንቋቁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እድላዊት እጀታውን ጠምዘዝ አደረገችው። በሩ አልተቆለፈም። አባቷ አልቆለፉትም፣ ጠልሀ አልቆለፈውም፣ ማንም አልቆለፈባትም፤ ያስለቀሳት ይኸው ነበር። የግንቦት ነፋስ በቀዳዳው ገብቶ ፊቷን ነካት። ቆዪ ያላት ሰው የለም፤ እሷ ግን እጀታውን እንደያዘች እዚያው ቆየች።